የክረምቱ ድስት



ስለ ምግብ ዘላቂነት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የኩንታል ነገር ነው። ስንት ሄክታር ታረሰ፣ በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ፣ ስንቱ ገበያ ወጣ። ሪፖርቱ የሚጻፈው በታኅሣሥና በጥር፣ አውድማው ሞልቶ ሰው ሲጠግብ ነው። እኔ ዛሬ ሌላ መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ። የአንድ አካባቢ ምግብ ጽናት የሚፈተነው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የአምናው እህል ከጎተራ ተሟጧል፤ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ገበያው ርቋል፤ የወባ ትንኝም መፈልፈል ጀምራለች። እናት በዚህ ወቅት ድስቷን ስትጥድ ምን ትጨምርበታለች? ልጅ የሚያሳድግ ነገር ካላት የዚያ አካባቢ ምግብ ጸንቷል እላለሁ። ከሌላት ግን በጥር የተጻፈው ሪፖርት የቱንም ያህል ቢያምር አልጸናም።

ይህን ለመነጋገር ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የመተከል ዞን ከተማ ከግልገል በለስ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የበለስ ሸለቆ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ በምግብ ስም የተደረጉ ታላላቅ ሙከራዎችን አይቷል። የመጀመሪያውን ብዙዎቻችሁ ኖራችሁበታል፤ ወጣቶቹም ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁታል። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች በፓዊ ሜዳ ሰፈሩ። መንደሮቹ በቁጥር ተሰየሙ፤ እስከ ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ። ከ1978 ጀምሮ የኢጣሊያ መንግሥት ገንዘብ መጣ፤ ሥራውን የያዘው የሳሊኒ ኩባንያ ነበር። ይኸው ኩባንያ በኋላ የጣና በለስን የኃይል ማመንጫ፣ ቀጥሎም ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ገንብቷል፤ የዚህ ሸለቆ የአርባ ዓመት ታሪክ ከአንድ የሥራ ተቋራጭ ስም ጋር መጓዙ ያስገርመኛል። ዶዘር ደኑን መነጠረው፣ ትራክተር ሜዳውን አረሰው፣ በቆሎው ተዘራ። መንገድ ተጠረገ፤ ሆስፒታል ተሠራ።

ያ ሁሉ ከንቱ ልፋት ነበር አልልም። የፓዊ ሆስፒታል ስንት እናት አዋልዷል፣ ስንት ሕፃን ከወባ አትርፏል! ነገር ግን የምግቡ ሥርዓት የቆመው በነዳጅ፣ በመለዋወጫና በውጭ ባለሙያ ላይ ነበር። በ1983 መንግሥት ተለወጠ፣ ኢጣሊያኖቹ ወጡ፣ ትራክተሩ ቆመ። ገበሬው ወደሚያውቀው በሬ ሲመለስ ደግሞ ቆላው የራሱን ሕግ አወጣ። በዚህ ሸለቆ የቆላ ዝንብ አለ፤ ዝንቡ ገንዲን ያስተላልፋል፤ ገንዲ በሬን አክስቶ ይገድላል። በሬ የሞተበት ገበሬ ማሳው ጦም አደረ። ከደጋ የመጣው ሰው ሰውነቱ ወባን አያውቃትም ነበርና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሰው ቀበርን። የቻለ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የቀረው ቀስ በቀስ ከቦታው ጋር ተላመደ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፕሮጀክቱን የጎዳው የእህል እጥረት አልነበረም፤ መሬቱ ለም ነው፣ ዝናቡም በፓዊ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። የጎደለው በሬውን የሚገድል ዝንብ፣ ገበሬውን የሚጥል ትንኝ፣ ከዛፍ ጋር የሚኖር አፈርና የመሬቱ ነባር ባለቤት በአንድ ዕቅድ ውስጥ አለመታየታቸው ነው። ግብርናው በአንድ ቢሮ፣ ጤናው በሌላ፣ ደኑ የማንም ሳይሆን ታቀደ። የመሬቱ ነባር ባለቤት የሆነው ጉሙዝ ደግሞ በዕቅዱ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። አንትሮፖሎጂስቱ ወልደሥላሴ አቡቴ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት የመተከል ጥናት የጉሙዝንና የሠፋሪውን የኑሮ ዘዴና ግንኙነት በዝርዝር አሳይተዋል፤ የጉሙዝ ቤተሰብ በደኑ መነሳት ያጣው ጥላና እንጨት ብቻ እንዳልነበረ ከዚያ መረዳት ይቻላል።

ምን አጣ? ለዚህ የጉሙዝን የምግብ ሥርዓት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በትምህርት ቤት ሳንማረው የቀረ ዕውቀት ነውና። የጉሙዝ ገበሬ መሬት በዶማና በመቆፈሪያ ነው የሚያለማው። ለምን በበሬ አያርስም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ገንዲ ያነሳሁትን ያስታውስ፤ ከብት በማይበረክትበት ቆላ ያለ በሬ ማረስ ብልኃት ነው። ማሳው ለጥቂት ዓመታት ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሰሊጥና ለውዝ ከሰጠ በኋላ ይተዋል፤ ጫካው ይመለስበታል፤ አፈሩ ያርፋል፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ይመነጠራል። ይህ አሠራር ሰፊ መሬትና ረጅም ዕረፍት ይፈልጋል። ዕረፍቱ ባጠረ ቁጥር አፈሩ ይከሳል።

ማሳው ግን የምግቡ ግማሽ ነው። በቤቱ ዙሪያ ሴቶቹ ቀድሞ የሚደርስ በቆሎ፣ ዱባና ባሚያ ይተክላሉ፤ ነሐሴ ላይ እሸት ሆኖ ረሃቡን የሚሰብረው ይህ የጓሮ በቆሎ ነው። ባሚያ በዚህ ክልል የዕለት ምግብ ነው፤ ሌላው የክልሉ ነባር ሕዝብ፣ በርታ፣ ከንከሴ ይለዋል፤ ትኩስ ሆኖ ይሠራል፣ ከርሞም እንዲያገለግል ደርቆ ይቀመጣል። ኢትዮጵያ ከባሚያ መነሻ አገሮች አንዷ ተብላ የምትጠቀስ ሲሆን ልዩ ልዩ ዝርያዎቹን ሲያቆዩ የኖሩት እነዚህ የጓሮ ሴቶች ናቸው። ከጓሮ አልፎ ደግሞ ጫካው አለ፤ የዱር ቅጠል፣ ሥራሥር፣ ፍሬ፣ ማር፤ ከወንዙ ዓሣ።

ከሁሉ በላይ ግን የቀርከሃው ቡቃያ አለ። ቡቃያው ከመሬት የሚወጣው ክረምቱ ሲገባ፣ ልክ ጎተራው ሲራቆት ነው። ጉሙዝና በርታ ለጋውን ቆርጠው፣ ልጠው፣ ቀቅለው ይበሉታል፤ ቀቅለው ውኃውን ማፍሰሳቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥሬ የቀርከሃ ቡቃያ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለውና ሙቀት ያጠፋዋል። ያንን ዘዴ ላቦራቶሪ አላስተማራቸውም። እንግዲህ አስቡት፦ ማንም ያልዘራው፣ ማንም ያልኮተኮተው፣ በሐምሌ ራሱ የሚመጣ ምግብ። ጫካው ለእነዚህ ሰዎች ሁለተኛ ጎተራ ነበር፤ የመጀመሪያው ሲዘጋ የሚከፈት።

የኢትዮጵያ ቀርከሃ ከአፍሪካ ቀርከሃ ሁለት ሦስተኛውን ያህል እንደሚይዝ ይነገራል፤ ትልቁ ድርሻ የቆላ ቀርከሃ ሲሆን የቆላው ቀርከሃ ዋና መኖሪያም ይህ ክልል ነው። ይህ ዛፍ መሰል ሣር አንድ ጠባይ አለው። ለአሥርተ ዓመታት ሳያብብ ይቆያል፤ ከዚያ በአንድ ዘመን በሰፊው ያብባል፣ ዘር ይበትናል፣ ጫካው በሙሉ ይሞታል። በክልላችን እንዲህ ያለ የጅምላ ሞት ደርሶ ብዙ ሄክታር ጠፍቷል። ተፈጥሮ ለዚህ መላ አላት፤ የተበተነው ዘር ይበቅላል፣ ጫካው ይመለሳል። ከተቃጠለ ግን አይመለስም። የሞተ ቀርከሃ ደረቅ ማገዶ ነው፤ በበጋ ለአደንም፣ ለግጦሽም፣ ማሳ ለመመንጠርም የሚለኮሰው እሳት ሲደርስበት ጭድ እንደነካ ይበላዋል፤ ሕፃኑንም ቡቃያ አብሮ ይወስዳል። ከሞቱ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓመታት እሳት ማስቀረት ማለት ለቀጣዩ ትውልድ የክረምት ምግብ ማትረፍ ነው። ይህ የደን ጥበቃ ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን በሕፃናት የምግብ ዕቅድ ውስጥ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። ባለፉት ሃያ ዓመታት መተከል የሰሊጥ፣ የአኩሪ አተርና የለውዝ አገር ሆኗል። የፓዊ ግብርና ምርምር ማዕከል በአኩሪ አተር ምርምር በአገር ደረጃ ስሙ የሚጠራ ነው። ሰፋፊ እርሻዎች ተሰጡ፤ ትንሹም ገበሬ ጠርዝ ጠርዙን እየመነጠረ ለገበያ መዝራት ጀመረ። ገንዘብ መምጣቱን የሚጠላ የለም፤ ልጅ የሚማረው፣ ቆርቆሮ የሚገዛው በሰሊጥ ነው። ነገር ግን የሰሊጥ ገንዘብ የሚመጣው በኅዳር ነው። በኅዳር የመጣ ገንዘብ እስከ ሐምሌ የሚቆይበት ቤት ጥቂት ነው፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ የእህል ዋጋ ጣሪያ ይነካል፣ መንገዱም በጭቃ ይዘጋል። ቤተሰቡ ጫካውን መንጥሮ ሰሊጥ ዘራ ማለት የሐምሌውን ጎተራ ሸጦ የኅዳር ገንዘብ ገዛ ማለት ነው። ነጋዴውም፣ ባለሥልጣኑም፣ ገበሬውም በየፊናቸው ትክክል ሠርተው፣ በድምሩ ሕፃኑ የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው።

ጉዳቱ ይለካል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 43 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። ልብ በሉ፤ ዝናብ የማያጣ፣ መሬት የማያንስ፣ እህል ለሌላው የሚልክ ክልል ነው ይህ። መቀንጨር ደግሞ የቁመት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንጎል በሚገነባበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የጎደለ ምግብ በኋላ በአብዛኛው አይካካስም። በዚያው ጥናት በመላ አገሪቱ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት አራትና ከዚያ በላይ የምግብ ዓይነቶችን የተመገቡት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕፃኑ ይበላል፤ የሚበላው ግን ገንፎ፣ ነገም ገንፎ፣ ከነገ ወዲያም ገንፎ ነው።

ስለዚህ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከቁጥሩ ራሱ ያልተናነሰ ነገር ነው። የ2008ቱ ጥናት መረጃ የተሰበሰበው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። በ2011 የተደረገው አነስተኛው ጥናትም ከመጋቢት እስከ ሰኔ። ሁለቱም ሐምሌ ሳይገባ አልቀዋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ በክረምት ወንዝ አያሻግርም፣ መኪና አይገባም። ግን በእነዚህ ጥናቶች የሀገራችንን ሕፃናት ድስት ያየነው ክረምቱ ሳይጠና ነው ማለት ነው። ያ 43 በመቶ የተመዘገበው ከባዱ ወር ከመድረሱ በፊት ነው።

ከምግቡ ወደ ትንኟ እንሻገር፤ በዚህ ሸለቆ ሁለቱ አይለያዩም። ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን አስታውቋል። ወባ በብዛት የምትነሳው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ይህ ጊዜ የመኸሩ ጊዜ ነው። ሰሊጥ ባለቤቱን የሚያስፈራ ሰብል ነው፤ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከዘገየ ቆባው ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። የቤቱ አባወራ በወባ ተኝቶ፣ እማወራዋ ታሞ የተኛ ልጅ ታቅፋ፣ ማሳው ላይ የረገፈ ሰሊጥ በየትኛው ሪፖርት ይመዘገባል? በግብርናው ሪፖርት «የድኅረ ምርት ብክነት» ይባላል፤ በጤናው «አዲስ ታማሚ» ይባላል። አንድ ቤት ውስጥ የደረሰ አንድ ጥፋት ሆኖ ሳለ ሁለት ቢሮ ሁለት ስም አውጥቶለታል።

ውኃ ማልማትም የራሱ ሂሳብ አለው። ከግንቦት 2002 ጀምሮ የጣና ውኃ በረጅም ዋሻ ተሻግሮ፣ 460 ሜጋ ዋት አመንጭቶ ወደ በለስ ይፈሳል። ከበለስ ውኃ የመስኖ እርሻ፣ የሸንኮራ አገዳ ተከትሏል። በመስኖ ማልማት በክረምት ላይ ብቻ ከመንጠልጠል ያወጣል። ነገር ግን በቆቃና በግልገል ጊቤ ግድቦች ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶች በውኃው ዳርቻ ያሉ መንደሮች ልጆች ራቅ ካሉት ይበልጥ በወባ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። የታቀደ መስኖ የአጎበር፣ የቦይ ጠረጋና የመድኃኒት በጀቱን በዚያው ወረቀት ላይ ይዞ መውጣት አለበት። ከዓመት በኋላ ጤና ቢሮ ይድረስበት ማለት አይሠራም።

አሁን ብዙ ወደማይነገርለት ነገር ልግባ። ለውዝ፣ አንዳንዱ ኦቾሎኒ የሚለው፣ ከመሬት ሲነቀል ርጥበት አለው። በችኮላ ተሰብስቦ፣ ሳይደርቅ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ከተቀመጠ ሻጋታ ያወጣል። ይህ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ቢቆላም፣ ቢቀቀልም አብዛኛው አይጠፋም። ሲበዛ ጉበትን በቀናት ውስጥ ይጎዳል። ሲያንስ ደግሞ በዓመታት ውስጥ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ በተለይ የጉበት ቫይረስ ቢ ባለበት ሰው ላይ አደጋው ይባዛል። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቁ ክፍል የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። የበሉት የገዛ ቤታቸውንና የአካባቢያቸውን ገበያ በቆሎ ነው።

እኛም ከዚህ አልራቅንም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው የአፍላቶክሲን መጠን ያላለፉት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ኑግ ከእኛም አገር ይሄዳል። ከቆላ ገበሬ ጎተራ ውስጥ የጀመረ ሻጋታ፣ በዘይት መጭመቂያ በኩል፣ በላሟ በኩል፣ በአዲስ አበባ ሕፃን ጡጦ ውስጥ ይደርሳል። የምግብ ዘላቂነት ከአካባቢና ከሕዝብ ጤና ጋር ያለው ግንኙነት በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚነገር ለሚመስለው ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

መፍትሔው ውድ አለመሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። ለውዙን መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በቀርከሃ ቆጥ ላይ ማድረቅ፤ ሲያንቀጫቅጩት ፍሬው ውስጥ እስኪጮኽ መጠበቅ፤ የተሰነጠቀውን፣ የጠቆረውን ለቅሞ መጣል፣ ለዶሮም አለመስጠት። ለማሽላና ለበቆሎ ደግሞ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ፤ ገበሬው ፒክስ ይለዋል። ነቀዙ ውስጡ አየር አጥቶ ይሞታል፤ እህል ላይ ማላታይን መነስነስ ያስቀራል። ዛሬ በየገበያው መድኃኒት እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትና ፈሳሽ ገበሬው በእጁ ይለካል፣ በአፉ ክዳኑን ይከፍታል፣ ባዶውን ዕቃ አጥቦ ዘይትና ውኃ ያስቀምጥበታል። እባካችሁ፣ ይህንን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ ውጡ፦ የፀረ ተባይ ዕቃ ታጥቦ አይጠራም። ይበሳ፣ ይቀጥቀጥ፣ ከልጆች እጅ ይራቅ።

ከተባይ ሳንወጣ፣ የአሜሪካ ተምች በ2009 ወደ አገራችን ገብቶ በቆሏችንን ሲያጠቃ፣ የአሶሳን ማንጎ ደግሞ ነጩ ተባይ ይዞታል። ይህ ነጭ ተባይ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ታይቶ ነው ወደ እኛ የተዛመተው። አሶሳ በማንጎ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ ማንጎው በሚደርስበት ወቅት የሚበላው አጥቶ መንገድ ዳር ይበሰብሳል፤ ከሁለት ወር በኋላ የዚያው አካባቢ ልጅ የሚበላው ፍሬ ያጣል። የደረቀ ማንጎ እስከ ሐምሌ ይቆያል። ቆርጦ በጥላ ማድረቅ ፋብሪካ አይፈልግም።

ስለ ግጭቱ ሳላነሳ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ከ2011 ወዲህ ይህ ዞን ያየውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በታኅሣሥ 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ሰብል ተቃጠለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ቻግኒ አቅራቢያ በራንች መጠለያ ከረሙ። የተፈናቀለ ገበሬ አንድ መኸር ብቻ አይደለም ያጣው። ለዘመናት የመረጠውን የማሽላ ዘር፣ የጓሮውን ባሚያ፣ የዶሮዋን ጫጩት፣ የትኛው ጉብታ ላይ የትኛው ቅጠል እንደሚለቀም የሚያውቅበትን ጫካ ነው ያጣው። ተመልሶ ሲመጣ የሚሰጠው የተሻሻለ ዘር ጥሩ ነው፤ ለዚህ ቆላ የተላመደውን የአባቱን ዘር ግን አይተካውም። ሰላም ሲመጣ መጀመሪያ ሊሰበሰብ የሚገባው የየጎረቤቱ የተረፈ ዘር ነው፤ ጉሙዝም፣ ሺናሻም፣ አገውም፣ አማራም፣ ኦሮሞም የያዘውን ይዞ የሚመጣበት የዘር መለዋወጫ ገበያ እርቁንም ያግዛል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ከእጃችን ስላለው ነገር ልናገር። መጀመሪያ አኩሪ አተር። ከክብደቱ ከአንድ ሦስተኛ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው፤ ትውልድ ያሳደገው ፋፋ ውስጥም ገብቷል። እኛ ግን ጥሬውን በመኪና ጭነን እንልካለን፤ በፓዊና በማንዱራ የሚኖር ሕፃን ግን የማሽላ ገንፎ ብቻውን ይበላል። ሦስት እጅ ማሽላ ወይም ዳጉሳ፣ አንድ እጅ በደንብ የተቆላ አኩሪ አተር አብሮ ማስፈጨት በየወፍጮ ቤቱ የሚቻል ነገር ነው። ዳጉሳ በካልሲየም ከእህሎች ሁሉ ይበልጣል፤ አኩሪ አተር ፕሮቲኑን ያሟላል። በደንብ የተቆላ ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው የልጅን ሆድ ይጎዳል። ከማሳው ለገበያ ሲሄድ፣ እያንዳንዱ ቤት ለሐምሌ ጥቂት ጣሳ አኩሪ አተር እንዲያስቀር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በታኅሣሥ ትምከር እንጂ፣ ሐምሌ ላይ ብትመክር ምን ዋጋ አለው?

ከዚያ ዓሣው። በጉባ ወረዳ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ከኋላው ንጋት ሐይቅ ተኝቷል፤ በሞላ ጊዜ ስፋቱ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጣና ግማሽ ይበልጣል። በዚህ ዞን በአንድ ጊዜ የተፈጠረ እንዲህ ያለ የፕሮቲን ምንጭ በታሪክ የለም። ቆሮሶውም፣ አምባዛውም እየወጣ ነው። አዲስ የተሞላ ሐይቅ መጀመሪያ ላይ ዓሣው ይበዛል፤ የተዋጠው ደንና ሣር ሲበሰብስ ውኃውን ያዳብረዋልና። ከዓመታት በኋላ ይቀንሳል። በሌሎች አገሮች ደግሞ በተዋጠ አፈር ውስጥ ያለ ባዜቃ ወደ ዓሣ ሥጋ ሲገባ ታይቷል። ስለዚህ ዓሣው በየጊዜው ይመርመር፤ ውጤቱም ለሚበላው ሰው ይነገር። መፍራት አያስፈልግም፤ መመርመር ግን ግድ ነው።

ጣና ትልቅ ትምህርት ትቶልናል። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባ የሚሠራ ማስገር ከተጀመረ በኋላ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙት የጣና ነጭ ዓሦች እየመነመኑ ሄደዋል። ዋናው ምክንያት ዓሦቹ ለመራባት በክረምት ወደ ወንዞቹ አፍ ሲጎርፉ መረቡ እዚያው ስለሚጠብቃቸው ነው። በለስና ዓባይ ውስጥ ያሉ ወንዝ ወዳድ ዓሦችም የሚራቡት ጎርፉ ሲመጣ ወንዙን ሽቅብ ወጥተው ነው። ይህ ማለት ዓሣው እንዲራባ የወንዞቹ አፍ መዘጋት ያለበት ጊዜና ድስቱ የሚጎድልበት ጊዜ አንድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ። ለተራበ አስጋሪ «አትንካ» የሚል ደንብ ብቻ ብናወጣ ደንቡ አይከበርም፤ የሚያስከብረውም ዘብ አይገኝም።

ስለዚህ የንጋት ሐይቅ የማስገር ደንብ ሲወጣ ግብርና ቢሮና ጤና ቢሮ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ የሚወጣው ዓሣ ከፊሉ በጨው ደርቆ በየማኅበሩ መጋዘን ለክረምት ይከማች፤ ለአስጋሪ ቤተሰቦች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ቅድሚያ ይሰጥ። ወንዞቹ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘጉ። የመረቡ ዓይን ስፋት አስጋሪው ብዙ ብር አውጥቶ ጠባቡን ከመግዛቱ በፊት፣ አሁኑኑ ይወሰን። ደንቡ ከወጣ በኋላም በሐምሌ፣ ጭቃውም ቢሆን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በጉባና በማንዱራ ቤት ለቤት ሄዳ ሕፃኑ ትናንት ምን በላ ብላ ትጠይቅ፤ የደረቀ ዓሣ የደረሳቸውና ያልደረሳቸው ቤቶች ብዛት ተመዝግቦ፣ ነሐሴ ሳይወጣ ለዞኑ ይቅረብ።